አሰገደች ልጇን አልድርም ያለችበት ዓመት

ይርጋጨፌ ውስጥ የችግኝ ፕላስቲክ የምሸጠው እኔ ነኝ። ጥቁሩን፣ አፈር ተሞልቶበት የቡና ችግኝ የሚያድግበትን። ሱቁን የከፈተው ከጉራጌ የመጣው አባቴ ነው፤ እኔ ጉግሳ እባላለሁ። ሰው ቁጡ ነው ይለኛል፤ ቁጡ ስለሆንኩ ነው። በዚህ ባንኮኒ ላይ ስንቱን ደንበኛ አይቻለሁ፤ ፕላስቲኩን አንድ በአንድ እየነፋች ቀዳዳ እንዳለው የምትፈትሽ ግን አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ የአሪቻዋ አሰገደች። መጀመሪያ የመጣች ቀን ሌባ ያደረገችኝ መስሎኝ ጮኼባታለሁ። እሷ ነፍታ እስክትጨርስ ዝም ብላ ሰማችኝና የተቀደዱትን ለይታ ፊቴ ላይ ደረደረቻቸው። ብዙ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ደንበኛም ወዳጅም ሆነን ኖርን።

አሰገደች የምትኖረው ችግኝ አፍልታ በመሸጥ ነው። ከቤቷ ጓሮ፣ እንሰቱና ብርብራው ጥላ በጣለበት ቦታ፣ መደቦቿ ተሰልፈው ይታያሉ። ባሏ ልጃቸው ሮሆቦት ገና ስትድህ ስለሞተ ቤቱን ያቆመችው ብቻዋን ነው። ዘር የምትለቅመው ራሷ ከምታውቃቸው ዛፎች ብቻ ነው፤ ዛፉን በክረምትም በበጋም እየሄደች ታየዋለች፤ ፍሬው በሽታ ነክቶት እንደሆነ ገበሬውን ትጠይቃለች፤ ጎረቤቱንም ትጠይቃለች፤ ገበሬው ሊዋሽ ይችላላ። አንድ ዓመት ዘር የወሰደችበት ዛፍ የፍሬ በሽታ እንደነበረበት ዘግይታ ሰማች። መደቡን በሙሉ፣ ቅጠል ያወጣውን፣ ገዢ የተገኘለትን ሁሉ ነቅላ አቃጠለችው። እኔ ስሰማ አበድሽ ወይ ብዬ ሄጄ ተቆጣኋት፤ ምናልባት ከመካከሉ ደህና የሚሆን ነበረ አልኳት። ምናልባት ተብሎ ዘር አይሸጥም አለችኝ። ከዚያ በኋላ ከወርቃ ሳይቀር እየመጡ ችግኝ ከእሷ ካልሆነ የሚሉ ሰዎች በዙ።

ስለ እሷ ይህን ያህል ካወራሁ፣ ስለ አገራችን አንድ ልማድ ደግሞ ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ ቀሪው አይገባም። እኛ ዘንድ ካንሰር በስሙ አይጠራም። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን “ምን አግኝቷት ነው?” ብለን ስንጠይቅ “ጨጓራ ነው” ይሉናል፤ “ምች ነው” ይሉናል። እኛም እናውቃለን፤ እነሱም እንደምናውቅ ያውቃሉ፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በቤቱ ገና ያልተዳሩ ልጆች አሉ። ጋብቻ ሲታሰብ የወዲያኛው ወገን ሰው ልኮ ያጠያይቃል፤ በዘራቸው ምን አለ? እብደት አለ? የሚጥል በሽታ አለ? ያ የማይነሳው በሽታስ? ስለዚህ ሁሉም ይደብቃል፤ ሁሉም የራሱን ቤት ብቻ የታመመ፣ የሌላውን ሁሉ ጤነኛ አድርጎ ያስባል። አሰገደችም እናቷን ስትቀብር ጨጓራ ብላናለች። ታላቅ እህቷን ስትቀብርም ያንኑ ጨጓራ ደገመችው። እኔም ሁለቱንም ጊዜ እግዜር ያጽናሽ ብዬ ተነሳሁ።

ሮሆቦት አድጋ፣ ተምራ፣ ዲላ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ሥራ ያዘች። እዚያ ሳለች የፍስሐ ገነቱን ታዲዮስን ተዋወቀች። ታዲዮስ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሚሠራ፣ ዝምተኛ፣ ለሥራው የሚተጋ ልጅ ነው። አባቱ ወንድይፍራው የጥንት ወዳጄ ስለሆነ ሽማግሌ ሁነኝ አለኝ። ሁለቱንም ቤት ስለማውቅ ደስ ብሎኝ ነው የገባሁበት። እንዲያውም ነገሩ እንዲህ ቀላል የሆነ ሽምግልና በሕይወቴ የሚገጥመኝ አልመሰለኝም ነበር።

በጥር አንድ እሑድ አሪቻ ሄድን። የምናውቀው ሥርዓት ነው፤ መጀመሪያ ጸሎት ይደረጋል፤ ቀጥሎ ረጅም የሚናገር ሰው ረጅም ይናገራል፤ እኔ በዚህ ጊዜ ሁልጊዜ እግሬን ያደነዝዘኛል። ልጃችሁን ለልጃችን አልን። ከልጅቱ ወገን የሚጠበቀው መልስ እንምከር፣ ሌላ ቀን ኑ ነው። መልሱን የሚሰጠውም የአሰገደች ወንድም ነበር። ወንድሟ ጉሮሮውን ሲጠራርግ አሰገደች ከኋላ ተነሳች። አማርኛዋ “እርስዎ” የሚባል ነገር አያውቅም፤ ለሕፃንም ለሽማግሌም አንድ ነው።

“እኔ ከታመመ ዛፍ ዘር ለቅሜ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም” አለች። “እናቴን የገደላት የጡት ነቀርሳ ነው። ጨጓራ ያልኳችሁ ውሸት ነው። እህቴም በዚያው ነው የሞተችው። ሮሆቦት የዚህ ቤት ልጅ ናት። እንግዲህ ይቅርባችሁ፤ አልድርም።”

ወንድሟ እጁን ግንባሩ ላይ ጫነ። እኛ የተቀመጥነው ሽማግሌዎች እርስ በርስ ለመተያየት እንኳ ፈራን። ከውስጥ በኩል ሮሆቦት ወጣች፤ የክት ልብሷን ለብሳ ተሰናድታ ነበር። እናቷን ብቻ እያየች “እማ፣ እኔ ችግኝ አይደለሁም” አለችና በጓሮ በር ሄደች። ያን ቀን ወደ ዲላ ተመለሰች፤ ለብዙ ጊዜም ስልኳን አላነሳችም።

ከፍስሐ ገነት የመጣው መልስ ደግሞ አጭር ነበር፤ “ይቆየን።” ይህን ያለችው የታዲዮስ እናት አትጠገብ እንደሆነች ወንድይፍራው እያፈረ ነገረኝ። ልጁ አሁንም እሷን ካላገባሁ ይላል፤ አባትየው መሃል ቤት ቀርቷል፤ እናትየው ግን ይቆየን ከማለት በቀር ምንም አትጨምርም። እኔ በጣም ተናደድኩ። አሰገደችን እንደዚያ እውነት በመናገሯ ተናደድኩባት፤ አትጠገብን ደግሞ እውነቱን ሰምታ በመሸሿ። አሰገደች ግን አልከፋትም፤ ትክክል ነች፣ እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው አለችኝ። ያን ዓመት ፕላስቲክ ስትገዛ መንፋት ትታ ዝም ብላ ቆጥራ ትወስድ ነበር። ያ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

ነገሩን የቀየረችው ሮሆቦት ናት። ኩርፊያዋ ሲበርድ አንድ ቅዳሜ አሪቻ መጣችና እናቷን ቁጭ አድርጋ አነጋገረቻት። ዲላ ላይ የጡት ካንሰር በደረሰባቸው ቤተሰቦች ውስጥ በዘር የሚወረስ ነገር እንዳለ የሚያጠኑ ሐኪሞች አሉ፤ ዶክተር ሉሲ የምትባል ልጅ አውቃለሁ፤ ደምሽን ስጪ፤ ከዚያ በኋላ አልድርም ካልሽ አልድርም በይ አለቻት። አሰገደች ተስማማች፤ ግን ብቻዬን አልሄድም፣ የሰማሁትን ለወንዱ ወገን የሚያደርስ ሽማግሌ አብሮኝ ይስማ አለች። እኔ ሆንኩ። ለደሟ ብቻ ሳይሆን ለውጤቱም ሄድኩ። ውጤቱ ሩቅ አገር ተልኮ ስለነበር የመጣው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው።

ዶክተር ሉሲ ከልጄ ታንሳለች። ስታየኝ “ጋሼ እርስዎ ባለቤታቸው ነዎት?” አለችኝ። ሽማግሌ ነኝ አልኳት። ሳቀች፤ ወንበር ሰጠችኝ። መጀመሪያ ለአሰገደች የነገረቻት ውጤቱን ነው፤ ከባድ የሚባለው፣ በአንድ ቤት እናትንም ልጅንም በወጣትነታቸው የሚይዘው ዓይነት ለውጥ በደሟ ተፈልጎ አልተገኘም። አሰገደች አልተደሰተችም። ታዲያ እናቴን ማን ገደላት አለች።

እዚህ ላይ ነው ሐኪሟ ወረቀቷን ገፋ አድርጋ ማስረዳት የጀመረችው። የሰው ልጅ ከእናትና ከአባቱ የሚወርሰው ጽሑፍ አለ አለችን፤ ፊደሉ ሦስት ቢሊዮን ያህል ነው፤ ዓይን በማያየው በእያንዳንዱ የሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ ተጠቅልሎ ይኖራል። የእኔና የአሰገደች ጽሑፍ ጎን ለጎን ቢነበብ እጅግ አብዛኛው አንድ ነው፤ ግን በሚሊዮን በሚቆጠሩ ቦታዎች አንድ ፊደል ይለያያል። ከነዚህ ልዩነቶች ብርቅና ብርቱ የሆኑ ጥቂት አሉ፤ የእሷ ደም የተፈተሸው ለእነሱ ነው። ሌሎቹ ተራ ናቸው። ገበያ መሃል ብትቆሙ እያንዳንዷን ልዩነት ከሚያልፈው ሰው ግማሹ ወይም ሲሶው ይዟት ይሄዳል። አንዷ ተራ ልዩነት የካንሰርን ዕድል የምትጨምረው ይህ ነው በማይባል ትንሽ መጠን ነው፤ ብቻዋን ማንንም አታሳምምም። የሚቀንሱም አሉ። ነገር ግን እንዲህ ያሉት በመቶ የሚቆጠሩ ስለሆኑ፣ ሲደማመሩ አንዱን ሰው ከሌላው ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጉታል። በላዩ ላይ ዕድሜ አለ፣ ኑሮ አለ፣ ማንም ያላወቀው አጋጣሚ አለ።

አሰገደች እጇን ጉልበቷ ላይ ጭና ስታዳምጥ ቆየችና “ከእነዚህ የሌለበት ሰውስ?” አለች።

“የሌለበት ሰው የለም፣ እትዬ አሰገደች” አለች ሐኪሟ። “እኔም አለብኝ። ጋሼም አለባቸው።”

እኔ ወንድ ነኝ፣ የጡት ካንሰር ምን አገናኘኝ ብዬ ተቆጣሁ። ሐኪሟ ሳትሸማቀቅ መለሰችልኝ፤ አልፎ አልፎ ወንድም ይይዘዋል፤ ባይይዘው እንኳ ጽሑፉን ለሴት ልጁ ያወርሳል፤ እኩሌታው ከአባት ነው። ከዚያ ወደ አሰገደች ዞራ የባለቤትዎ እናትስ በምን አረፉ አለቻት። አሰገደች ይህን ያህል ዘመን በራሷ እናትና እህት ስትጨነቅ የሮሆቦትን ግማሽ ጠይቃ አታውቅም። እኔም በሽማግሌነት ዕድሜዬ ስንት ቤት በር ቆሜ በዘራችሁ ምን አለ ስል፣ ራሴን ማንም እንዲህ ጠይቆኝ እንደማያውቅ ያኔ ታወቀኝ።

ሮሆቦት ትታመማለች ወይስ አትታመምም የሚለውን ግን ሐኪሟ አልነገረችንም። ይህ ሁሉ ልዩነት የተቆጠረው ባብዛኛው በፈረንጅ ደም ላይ ነው አለች፤ የአፍሪካ ሰው የተጠናው ትንሽ ነው፤ እኛ ደግሞ በመካከላችን ያለው ልዩነት ከቀረው ዓለም ይበልጣል፤ ገና ያልተነበበ ብዙ ነው። ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ ላይ ዕጣ ፈንታዋን አንብቤ ልንገራችሁ የሚል ቢመጣ አትመኑት። እናትዎ ሰባ አልፏቸው፣ እህትዎም ስድሳ ሊሞላቸው ሲል ነው የታመሙት፤ የልጅዎ ዕድል ከሌላዋ ሴት በመጠኑ ከፍ ሊል ይችላል፤ እናም ቀደም ብላ መመርመር ትጀምር፤ ለእርስዎም ቀጠሮ እንያዝ። ጋብቻን የሚከለክል ግን ምንም አላየሁበትም አለች።

ስንወጣ አሰገደች ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። መዳፏን ዘርግታ አየችው፤ ገልብጣ አየችው። “ይሄ ሁሉ እኔ ውስጥ ተጽፎ ነው ጓሮ ለጓሮ የምዞረው?” አለች። አልቅሳ እንደሆን ብዬ ፊቷን ባየው ፈገግ ብላለች። ጌታ ሲሠራኝ ይህን ያህል ጽፎብኝ፣ እኔ አንዲት መጥፎ መስመር ብቻ ይዤ ልጄን ላስቀር ነበር አለችኝ። እኔ ራሴ ጭንቅላቴ ዞሮ ነበር።

መነኻሪያ ደርሰን የይርጋጨፌን መኪና ስንጠብቅ ሰዉን አየሁት። ዲላ መነኻሪያን አርባ ዓመት ሙሉ አውቀዋለሁ፤ ጩኸት፣ ግፊያ፣ አቧራ፣ ኪስ አውላቂ ነው። ያን ቀን ግን ሙዝ የምታዞረዋን አየሁ፤ ረዳቱን አየሁ፤ ማዳበሪያ ጆንያ ተሸክሞ የሚያልበውን አየሁ፤ ከቡሌ የወረዱትን፣ ከሐዋሳ የመጡትን፣ ጌዴኦውን፣ ኦሮሞውን፣ ሲዳማውን፣ የእኔንም አገር ሰዎች። እያንዳንዱ በውስጡ ማንም ሙሉ በሙሉ ያላነበበውን ሦስት ቢሊዮን ፊደል ይዞ መኪና ይጋፋል። ያንዱ ትንሽ ከፍ፣ ያንዱ ትንሽ ዝቅ፤ ንጹሕ ነኝ የሚል ማንም የለም። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። እኔ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለሁም፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንደዚያ ተሰምቶኝ አያውቅም። አንዱ በክርኑ ደረቴን ገፍቶኝ ሲያልፍ እንኳ ሳልቆጣው ቀረሁ።

በሳምንቱ አሰገደች ሱቄ መጥታ ፍስሐ ገነት እንሂድ አለችኝ። የልጅቱ እናት ወደ ወንዱ ቤት ሄዳ ጋብቻ ትለምናለች እንዴ፣ ጨዋ ሰው ምን ይለናል፣ መልእክቱን እኔ አደርሳለሁ ብዬ ተከራከርኩ። እሷ ግን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፣ የምሄደውም እኔ ነኝ አለች። ሱቁን ዘግቼ ተከተልኳት። እያጉረመረምኩ ነው የሄድኩት።

ወንድይፍራውና አትጠገብ ደንግጠው ተቀበሉን። አትጠገብ ቁመተ መልካም፣ ቤቷን አሳምራ የያዘች ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ከስታ፣ ነጠላዋን እስከ አገጯ ተከናንባ ነበር። ለስላሳ ተቀዳልን። መጀመሪያ እኔ የሐኪሟን ቃል ለመድገም ሞከርኩ፤ ሦስት ቢሊዮን ስል ወንድይፍራው ጤናህን ነው ወይ በሚል ዓይን ስላየኝ ተበሳጭቼ ለአሰገደች ለቀቅኩላት።

አሰገደች ሁሉንም ነገረቻቸው። ምንም አላስጌጠችውም፤ ልጄ ከሌላው ትንሽ ከፍ ያለ ዕድል ሊኖራት ይችላል አለች፤ ምን ያህል እንደሆነ ሐኪሞቹም ገና አያውቁትም፤ እኔም ባለፈው የተናገርኩት በሽታውን ሳይሆን ፍርሃቴን ነው። ከዚያ ያሰብኩት ነገር አለ ብላ ቀና አለች።

“ይሄ ነገር በእኔ ቤት ብቻ ያለ መስሎኝ ነበር። በሁሉም ቤት ነው ያለው፤ በእናንተም። እኔ ልጄን ስሰጣችሁ የማላውቀውን አብሬ እሰጣችኋለሁ፤ እናንተም የማታውቁትን ትሰጡኛላችሁ። ከፈለጋችሁ ዛሬ ንገሩኝ፤ ካልፈለጋችሁም ዛሬ ንገሩኝ።”

ወንድይፍራው ወደ ሚስቱ ዞረ። ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን፤ ይቆየን ያለችው እሷ ናትና። አትጠገብ የለስላሳውን ብርጭቆ ይዛ አቀረቀረች፤ እምቢ ልትል ነው አልኩ በልቤ። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀመጠችና አሰገደችን፣ “እስቲ ጓዳ ነይልኝ” አለቻት።

እኔና ወንድይፍራው ሳሎን ቀረን። ስለ ዘንድሮ ዝናብ ጀመርን፤ አልቀጠለም።

ጓዳ ውስጥ የሆነውን ኋላ የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ ጻፈው ብለው ፈቅደውልኛል። አትጠገብ በሩን ዘጋች፤ ነጠላዋን አወረደች፤ የአሰገደችን እጅ ይዛ ከግራ ብብቷ ሥር፣ ጡቷ ላይ ካለው ጠጣር እብጠት ላይ አስቀመጠችው። አሰገደች የእናቷንም የእህቷንም በእጇ ዳብሳ ስለምታውቅ ምን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

“ሽማግሌ የላክንበት ሳምንት ነው ያገኘሁት” አለቻት አትጠገብ። “ይቆየን ያልኩት ያንቺን ቤት ጠልቼ አይደለም። የእኔን ካወቃችሁ ልጄን ትመልሱታላችሁ ብዬ ነው።”

እኛ ያየነው አሰገደች ብቻዋን ስትወጣ ነው። ፊቷ አመድ መስሏል። ወንድይፍራው ፊት ቆመች፤ እሱም ሳያውቀው ተነሳ።

“ልጅህን ተቀብያለሁ” አለችው። “ሮሆቦት የእናንተ ናት። አሁን ሚስትህን ስጠኝ፤ ዛሬውኑ ዲላ ሐኪም ጋ እወስዳታለሁ።”

አልገባውም። እኔን አየኝ፤ እኔም አልገባኝም። አትጠገብ ነጠላዋን ሳትከናነብ ጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። ባሏ “ምንድን ነው?” ሲላት ልትመልስ ሞከረች፤ ጨጓራዬን ነው ልትል አፏ ሲጀምር ሰማሁት፤ ከዚያ ተወችውና በሽታውን በስሙ ጠርታ ነገረችው። ወንድይፍራው የጫማውን ክር ሳያስር መኪና ሊያስቆም ወደ አስፋልቱ ወጣ።